ባለ እጅ ማነው? ስለ ልጆች የእጅ ሥራ ድግስ

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል ያገር ተረት። ተረቱ የጥንቃቄ ቃል ነው። ቤተሰብ የሚያድርበትን ምግብ ላልጠና እጅ መተው እንደማይገባ ያሳስባል፤ በዚህም ልክ እውነትነት አለው። ዳሩ ግን ተረት በተደጋገመ ቁጥር ከተነገረበት ጉዳይ አልፎ የአስተሳሰብ ሕግ እየሆነ ይሄዳል። ልጅ ያቦካው ለራት የማይበቃ መሆኑ ከታመነ፣ ልጅ ጨርሶ ባያቦካ ይሻላል ወደሚል መደምደሚያ ለመድረስ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀራል። ጥያቄው መነሣት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ልጅ የሚያቦካው ሁሉ ለራት ነውን? ትንሹ እጅ ሊጡን ወይም ጭቃውን ሲያሽ የሚበጀው ሊጡና ጭቃው ብቻ ነውን? ወይስ በዚያው ሰዓት የልጁ ጠባይ፣ ለሥራና ለሠራተኛ የሚኖረው አመለካከት አብሮ ይበጃል?

ነገሩ ተራ የቤት ውስጥ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። አንድ ቤተሰብ በዕረፍት ቀን የሰፈሩን ልጆች ጠርቶ፣ ጭቃና ስንደዶ፣ ቃጫና ሸምበቆ አቅርቦ፣ ልጆቹ ሠርተውና ተጫውተው፣ በልተውና ጠጥተው እንዲለያዩ ቢያደርግ፣ ይህ ከፍልስፍና ጋር ምን ያገናኘዋል? ያገናኘዋል። ድግስ የአንድ ኅብረተሰብ የሞራል መዝገብ ነውና። ማን ተጠራ? ማን ከማን ጋር ተቀመጠ? ማን አጐረሰ፣ ማንስ ጐረሰ? ማንም በሕግ ያልጻፈውን ሥርዓት ድግስ ገልጦ ያሳየዋል።

ከጉና ተራራ ብርድ ተነሥቶ እስከ ዓባይና እስከ በሽሎ ሸለቆ በሚወርደው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር ድግስ የዐዋቂ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። ክርስትናው፣ ሠርጉ፣ ማኅበሩ፣ ተዝካሩ ሁሉ ልጅን ይፈልገዋል፤ የሚፈልገው ግን ለመላላክ ነው። ልጅ እጅ ያስታጥባል፣ ጠላ ያቀብላል፣ ከብት ከግቢው ያባርራል፤ ትልልቆቹ ከገበታው ሲነሡ እርሱ በተረፈው ላይ ይቀርባል። ይሁንና ልጅም የራሱ የሆነ ድግስ አለው። የልጅ ድግስ ከዐዋቂው የሚለየው ደግሞ ከእጅ ሥራ የሚጀምር በመሆኑ ነው።

የቡሄን በዓል ማየት ይበቃል። ነሐሴ 13 ቀን ከመድረሱ ሳምንታት አስቀድሞ ወንዶች ልጆች ልጥ ይልጣሉ፣ ቃጫ ያወጣሉ፣ ጅራፍ ይገምዳሉ። ጥሩ ጅራፍ የሚታወቀው በጩኸቱ ነው፤ ጩኸቱ ደግሞ የግምዱ ነው። ላልቶ የተገመደ አይጮኽም፣ ከርሮ የተገመደ ይበጠሳል። ይህን ለልጁ ማንም በቃል አያስረዳውም፤ እጁ ነው የሚያስረዳው። በዋዜማው ችቦ ያስራል፤ በማግሥቱ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ ዘፍኖ ሙልሙል ይቀበላል። ገና ሲቃረብ ጫፉ የጐበጠ እንጨት መርጦ ዱላ ይጠርባል፣ ሩር ያድቦለቡላል። ዘመን ሲለወጥ ልጃገረዶች እንግጫና ዐደይ አበባ ይጐነጕናሉ፤ በከተማ ደግሞ ወንዶቹ ሥዕል ሥለው ለየቤቱ ያድላሉ። ከበዓሉም ውጭ ቢሆን እረኛው ክረምት በገባ ቁጥር ከወንዝ ዳር ጭቃ አውጥቶ በሬና ላም፣ ቀንበርና ሞፈር ይሠራል፤ ሸምበቆ በስቶ ዋሽንት ያበጃል። ልጅቱ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ በወስፌ ስትወጋና ስትስት ውላ፣ የስንደዶውን እምብርት በአክርማ እየጠቀለለች የመጀመሪያዋን ትንሽ ስፌት ታወጣለች።

በእነዚህ በዓላት ውስጥ አንድ ከፍ ያለ ሐሳብ ተቀምጧል። ልጁ ወደ ሰው ደጅ የሚሄደው ባዶ እጁን አይደለም። የሠራውን ይዞ ይሄዳል፤ የሚቀበለውም ሙልሙል ምጽዋት ሳይሆን ዋጋ ነው። ሠርቶ መቀበልንና ተቀብሎ ማመስገንን የሚማረው በዚህ ነው።

በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ግን፣ እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ፣ ሌላ ዓይነት የልጅ ድግስ እየተለመደ መጥቷል። ኬክ ይገዛል፣ ፊኛ ይሰቀላል፣ ሻማ ይለኮሳል፣ ስጦታ ከሱቅ ይመጣል። የልጅን መወለድ ማክበር መልካም ነው፤ የሚነቀፍ ነገር የለበትም። ነገር ግን በዚህ ድግስ ላይ የልጁ እጅ ሥራ ፈቷል። ለዕለቱ ጌጥ የሆነው ሁሉ በገንዘብ የመጣ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ቤት ልጅ ደግሞ በሚቀጥለው ወር አጸፋውን መመለስ ስለማይችል ከመጠራቱ በፊት ያፍራል። በታች ጋይንትና በስማዳ ቆላ ድርቅ የገበሬውን ጐተራ ስንት ጊዜ እንዳራቈተ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የእጅ ሥራ ድግስ ከዚህ አንጻር ሲታይ የድሀውንም ቤት እኩል ያደርጋል። ጭቃ አይገዛም። ስንደዶና አክርማ ከመስክ ይለቀማሉ፤ የገለባና የሸምበቆ፣ የቃጫና የቁራጭ ጨርቅ ዋጋ ኪስ አይጎዳም። ቆሎ የሚቆላበትና ዳቦ የሚደፋበት ቤት ሁሉ ሊደግሰው ይችላል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተካሄደው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት ሁኔታ ደግሞ፣ ቤት ራሱ ለልጅ አእምሮና እጅ ኃላፊነት እንዳለበት በግልጽ ታይቷል።

እስካሁን የተባለውን ብዙ ሰው ያለ ክርክር ይቀበለው ይሆናል። ክርክሩ የሚነሣው ከሚቀጥለው ጥያቄ ነው። በዚህ ድግስ ላይ ጭቃውን እንዴት እንደሚያቦኩ ለልጆቹ የሚያሳየው ማነው?

አማርኛ የእጅ ሙያተኛውን «ባለ እጅ» ይለዋል። ቃሉን ብቻውን ለተመለከተው ምስጋና ይመስላል። ባለ ርስት ርስት ያለው፣ ባለ ጸጋ ጸጋ ያለው ከሆነ፣ ባለ እጅም እጅ ያለው መሆኑ ነው። ዳሩ ግን ይህ ስም ሲነሣ ድምፅ ዝቅ ይደረጋል። ብረት ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ ተብሎ ይነቀፋል፤ ሸክላ ሠሪዋ ዐይኗ ይፈራል፤ ሁሉም በቡዳነት ይታማሉ። ልጅ አፉን ከመፍታቱ ብዙም ሳይቆይ ከየትኛው ቤት እንዳይበላ፣ በማን ፊት ወተት እንዳይጠጣ ይነገረዋል። እንግዲህ ሁሉም ሰው ሁለት ሁለት እጅ ይዞ ሲወለድ፣ «ባለ እጅ» የሚለውን ስም ለጥቂቶች ብቻ ሰጥቶ ስድብ ያደረገው ኅብረተሰብ ስለ ራሱ እጅ ምን ማለቱ ነው?

የአስተሳሰቡ እርስ በርስ መጋጨት በአንድ ቃል ይታያል። ጋይንት የቤተ ልሔም አገር ነው፤ በድጓ ምስክርነቱ የታወቀው ጉባኤ ያለው እዚያ ነው። መጽሐፍ የሚጻፍበትን ብራና ለማዘጋጀት የፍየል ቆዳ በችንካር ይወጠራል፣ ጸጉሩና ሥጋው ይፋቃል፣ እስኪነጣ ድረስ ይዳመጣል። ይህን የሚያደርገው ሰው ብራና ፋቂ ይባላል፤ ሙያውም በአክብሮት ይነገርለታል። ያንኑ የፍየል ቆዳ ለእህል መያዣ አቁማዳ ወይም ለመኝታ ቁርበት የሚያዘጋጀው ሰው ግን «ፋቂ» ሲባል ቃሉ ስድብ ይሆንበታል። ቆዳው አንድ ነው፤ የሁለቱም ድካም ያው መፋቅ ነው። ልዩነቱ ያለው ሥራው ለማን እንደሚውልና ሠሪው በማን ጉባኤ እንደሚቀመጥ ነው። ክብርና ውርደት ከሥራው ባሕርይ የማይመነጩ፣ ከውጭ የተጫኑ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

የንቀቱ ሥር ከአጋንንት ዓለም አይመጣም፤ ከመሬት ሥሪት ይመጣል። በርስት ሥርዓት ሰው የሚባለው ርስት ያለው ነበር። በጎንደር አካባቢ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ርስት ከማግኘት ተከልክለው ወደ ቀጥቃጭነትና ወደ ሸክላ ሥራ እንደተገፉ የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ። መሬት የተነፈገ ሰው በእጁ ይኖራል፤ በእጁ የሚኖረውን ደግሞ ባለ መሬቱ ይንቀዋል፤ የናቀውን ግን ያለ እርሱ መኖር እንደማይችል ስለሚያውቅ ይፈራዋል። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ምጣዱ፣ እንስራው ከየት ይመጣል? ቡዳ የሚለው ወሬ የዚህ የተደበቀ ጥገኝነት ጥላ ነው።

ታሪክም ይህን ንቀት ለመስበር የተደረጉ ሙከራዎችን ይመሰክራል። ከጋይንትና ከእስቴ ብዙ ሳይርቅ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሙያተኞችን ሰብስበው ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1859 ዓ.ም. አሠሩ፤ የአገሩ ወጣቶችም በዚያ ሙያ እንዲማሩ አደረጉ። መድፉ የጋይንትን ደጋ አቋርጦ ወደ መቅደላ ሲጓዝ ንጉሡ ራሳቸው በመንገድ ጠረጋው ላይ በእጃቸው ይሠሩ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ የሚያስጠነቅቅ ዐዋጅ አስነገሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ በበኩሉ፣ በጉልበቱ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ ጾታ ሳይለይ መሬት የማግኘት መብት ሰጥቶ የርስትን አጥር አፈረሰ። በዚያው ዘመን የእጅ ጥበብ ሠራተኞች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ተደረገ።

ታዲያ ንቀቱ ለምን አልሞተም? ሕግ አደባባይን ይገዛል፤ ከቤት ደጃፍ ሲደርስ ግን ይቆማል። ማን ከማን ቤት እንደማይበላ፣ ማን ለማን ልጅ እንደማይዳር የሚወሰነው በጓዳ ነው፤ ልጅም የሚያድገው በጓዳ ነው። በአዋጅ የወደቀው ሐሳብ በጡት ወተት ይመለሳል። የልጆች ድግስ ከባድ የሞራል ጉዳይ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ንቀቱ ከሚወረስበት ቤት በቀር የሚሻርበት ሌላ ቦታ የለም።

በዚህ ላይ ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ሊደመጡ ይገባል።

የመጀመሪያው ከገበሬው ወገን የሚመጣ ነው። በእነዚህ ወረዳዎች ያለ ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ኩበትና ጭራሮ ይለቅማል፣ ታናሹን ያዝላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ «የእጅ ሥራ ድግስ» ማለት በሥራ ላይ ሥራ መጨመር አይሆንምን? ተቃውሞው ልክ የሚሆነው የልጅ ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት ቢሆን ነበር። እንጨት የተሸከመች ልጅ የሸክሙን ክብደትም የመንገዱን ርዝመትም አልመረጠችም። የጭቃ በሬ የምትሠራ ልጅ ግን የቀንዱን ርዝመት ራሷ ትወስናለች፤ ካልወደደችው አፍርሳ እንደገና ትሠራዋለች። የመጀመሪያው ሥራ ያደክማታል፤ ሁለተኛው ግን ፈቃድ ያላት ሰው መሆኗን ያሳውቃታል። ብዙ የሚሠራ ልጅ እንዲያውም ከሁሉ የበለጠ የሚያስፈልገው በሥራው ላይ ጌታ የሚሆንበት አንድ ቀን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከባለ እጁ ወገን ይመጣል፤ የበለጠ የሚያሳምመውም ይኸኛው ነው። ለሸክላ ሠሪዋ ጭቃ መጫወቻ አይደለም። አፈሩን ከሩቅ ትሸከማለች፤ ወቅጣና ነፍታ ከተፈጨ ገል ጋር ታቦካዋለች፤ ያለ ምንም መሽከርከሪያ በእጇ ትገነባዋለች፤ በጥላ አድርቃ በጠጠር ታለሰልሰዋለች፤ በኩበትና በእንጨት ትተኩሰዋለች። በደንብ ያልደረቀ ከሆነ በእሳቱ ውስጥ ይፈነዳል፤ የሳምንታት ድካም ገል ሆኖ ይቀራል። የተረፈውን በጀርባዋ ተሸክማ ገበያ ታወጣለች። ይህን ሕይወት ለግማሽ ቀን መዝናኛ ማድረግ ስድብ አይሆንምን? መልሱ ግልጽ ነው፤ እርሷ ከሌለችበት ስድብ ይሆናል። ጥበቧን ወደ ሳሎን አስገብቶ እርሷን ከደጅ ያስቀረ ቤት፣ ልጆቹን ዕቃውን እንዲወዱና የሠራውን እጅ እንዲንቁ በደስታ አስተማራቸው ማለት ነው። ይህ ደግሞ ካለማስተማር የከፋ ነው።

መምህራን አንድ ተመሳሳይ ነገር ያውቃሉ። የእጅ ሥራ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ በሚሰጥበት ጊዜ ተማሪው ለማርክ ሲል ሙዳዩን ከእናቱ ጓዳ፣ መጥረጊያውን ከገበያ ገዝቶ ያቀርብ ነበር። ማርኩ ለተማሪው ተጻፈ፤ የሠሪዋ ስም ግን አልተጠየቀም። ትምህርቱ ዕቃን መዘነ እንጂ ሰውን አላስታወሰም።

ሌላውም ዓለም ይህንን ጥያቄ አንሥቶታል። አሪስጣጣሊስ በፖለቲካ መጽሐፉ፣ ከሁሉ የተሻለችው ከተማ የእጅ ሠራተኛን ዜጋ አታደርገውም እስከ ማለት ደርሶ ነበር። ከርሱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮብል በ1837 እ.ኤ.አ. በባድ ብላንከንቡርግ በከፈተው የሕፃናት መዋያ፣ ወረቀት ማጠፍን፣ መጐንጐንንና የጭቃ ቅርጽ ማውጣትን የአእምሮ መክፈቻ አደረጋቸው። ጋንዲ ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. በዋርዳ ባቀረቡት የትምህርት ሐሳብ፣ የሕንድ ልጅ ትምህርት ሁሉ በአንድ የእጅ ሙያ ዙሪያ እንዲገነባ ጠየቁ። በእጅ የሚሠራው በተዋረደበት አገር የሁሉም ወገን ልጅ አብሮ ጥጥ ቢፈትል፣ ውርደቱ የሚያርፍበት ትከሻ እንደሚያጣ ተረድተው ነበር።

ከሁሉ የቀረበው ምሳሌ ግን ከእስቴ የወጣ ነው። በእስቴ የተወለዱት ዙምራ ኑሩ፣ እናት ከአባት እኩል ውላ ስትገባ ማታ ለብቻዋ ለምን እንደምትደክም ገና በልጅነታቸው ይጠይቁ እንደነበር ይነገራል። በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በፎገራ የአውራምባን ማኅበረሰብ መሠረቱ። በቂ መሬት ያልነበረው ይህ ማኅበረሰብ መተዳደሪያውን ሽመና አደረገ፤ ሽመናውንም ከውርደት አወጣው። በአውራምባ ሴት ከሸማ ዕቃው ላይ ተቀምጣ ትሸምናለች፤ ወንድ እንዝርት ያሾራል፣ እንጀራ ይጋግራል። ይህ ለአካባቢው እንግዳ ነገር ስለነበረ ማኅበረሰቡ ብዙ መከራና ስደት ተቀብሏል። የመጣበትን ሁሉ አልፎ የቆመው ግን ልጆቹ እኩልነትን በቃል ከመስማታቸው በፊት በየቤታቸው በዐይናቸው እያዩ ስላደጉ ነው።

እንግዲህ የእጅ ሥራ ድግስ ምን ዓይነት ሊሆን ይገባዋል? ጊዜው ነሐሴ ቢሆን፣ ቡሄ ሲቃረብ፣ ይስማማል። ሸክላ ሠሪዋ በመምህርነት ትጠራለች፤ ለውለታዋ ተገቢው ዋጋ ይከፈላታል፤ ልጆቿም እንደ ሌሎቹ ልጆች እንግዳ ሆነው ይመጣሉ። «እመይቴ» ተብላ ትጠራለች፤ በክብር ወንበር ትቀመጣለች። ወንዶቹ ልጆች ወስፌ ይዘው ስፌት ይሞክራሉ፤ ሴቶቹ ጅራፍ ይገምዳሉ፣ ያጮኻሉም። የማንም ሥራ ከማንም ጋር ለውድድር አይቀርብም። የልጁን የተጣመመ ገንቦ አባት ወይም እናት አንሥተው አያቃኑለትም፤ የተጣመመው የርሱ ነው። የተሰነጠቀበት ልጅ ቢያለቅስ፣ እርሷ ስንት ምጣድ እንደተሰነጠቀባት ትንገረው፤ በዚያች ደቂቃ ልጁ በገበያ የሚያልፈውን ሸክላ ሁሉ በሌላ ዐይን ማየት ይጀምራል።

ፈተናው ግን ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ ይመጣል። መሶቡ ይቀርባል። ሸክላ ሠሪዋና የቤቱ እመቤት፣ ልጆቿና የቤቱ ልጆች ከአንድ ገበታ ይበሉ ይሆን? ወይስ ለእርሷ ብቻ ለብቻው በሳህን ይቀርብላታል? ልጆች በዚህ ሰዓት ምንም ሳይጠይቁ ሁሉን ያያሉ። በልዩ ሳህን የቀረበው ምግብ የዋለውን ትምህርት በሙሉ ያፈርሰዋል። እርሷ ጠቅልላ ለቤቱ ልጅ ያጐረሰቻት አንዲት ጉርሻ ግን፣ እናትየው ሳትሳቀቅ ካየቻት፣ በዐዋጅ ያልተቻለውን ታደርጋለች።

በእውነቱ ከሆነ ይህን ጉርሻ የሚፈራ ሰው የሚፈራው ዘግይቶ ነው። እንጀራው የተጋገረበት ምጣድ የእርሷ እጅ ሥራ ነው። ወጡ የተሠራበት ድስት፣ ውኃው የተቀዳበት እንስራ፣ ቡናው የፈላበት ጀበና ከእርሷ እጅ ወጥተዋል። ከሸክላ ሠሪ እጅ ያልበላ ሰው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ቤት ሲፈለግ ቢውል አይገኝም። የቤቱ ሥራ ይህን ለልጁ መደበቁን ትቶ በገበታ ላይ በግልጽ ማሳየት ነው። ካድሬው በስብሰባ፣ መምህሩ በክፍል፣ የኪነ ጥበብ ሰው በመድረክ ስለ ሥራ ክቡርነት የሚናገሩት ሁሉ ክብደት የሚያገኘው በየራሳቸው ቤት እንዲህ ያለ ገበታ የቀረበ እንደሆነ ነው። ልጅ ያቦካው ለራት ላይበቃ ይችላል፤ ለነገው ኅብረተሰብ ግን እርሾው እርሱ ነውና፣ ከማን ጋር እንዳቦካው መጠየቅ የወላጅ ግዴታ ነው።